ለፌሮ፣ ለአሸዋና ለሴራሚክ አንድ ሚዛን አይሆንም፦ ስለ ግንባታ ዕቃ አቅራቢዎች አመራረጥ የባለሙያ ምላሽ

የቀረበው ጥያቄ ባጭሩ፦ «አዲስ አበባ ውስጥ ጂ+5 ሕንፃ በሚሠራ አነስተኛ የሥራ ተቋራጭ ድርጅት የግዥ ሠራተኛ ሆኜ ከተመደብኩ ሦስት ወር ሆነኝ። እስካሁን ሦስት ፕሮፎርማ ሰብስበን ዝቅተኛውን ነው የምንወስደው። አሁን ሥራ አስኪያጃችን የአቅራቢዎች መምረጫ መስፈርት ከነነጥቡ እንዳዘጋጅ አዘዙኝ። ዋጋ 60፣ ጥራት 20፣ አቅርቦት 20 ብዬ ጀምሬያለሁ። ትክክል ነኝ? ምን ልጨምር? ነባር አቅራቢዎቻችንንስ በዚሁ ልመዝናቸው?»

ወንድሜ፣ 60፣ 20፣ 20 ትክክል አይደለም። 50፣ 25፣ 25 ብታደርገውም አይቃናም፤ ስህተቱ ከቁጥሩ በፊት የሚመጣ ነውና። ፌሮን፣ አሸዋንና የመጸዳጃ ቤት ሴራሚክን በአንድ ሠንጠረዥ ለመመዘን ተነስተሃል።

እኔ ግዥን የተማርኩት ሳይት ላይ ነው፤ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። አንድ ዕቃ ለመግዛት ስነሳ አስቀድሜ ራሴን የምጠይቀው፣ ይህ ዕቃ ከገባ በኋላ ጉድለቱ ቢታወቅ አውጥቼ ልመልሰው እችላለሁ ወይ ብዬ ነው። የተጣመመ በር ይነቀላል። የገረጣ ቀለም ይፋቃል። ኮንክሪት ውስጥ የተቀበረ ፌሮና ጭቃ ያለበት አሸዋ ግን ሕንፃው እስካለ ድረስ እዚያው ናቸው። መስፈርትህ ከዚህ ይነሳ። በማይመለሰው ዕቃ ላይ ዋጋ ወደ ኋላ ይቀመጥ፤ በሚመለሰው ላይ ወደ ፊት ይምጣ።

ይህ የእኔ ፈሊጥ ብቻ አይደለም። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1966 ዲክሰን የተባለ ተመራማሪ የግዥ ባለሙያዎችን ጠይቆ 23 የአቅራቢ መምረጫ መስፈርቶችን በቅደም ተከተል አስቀምጦ ነበር። ጥራት አንደኛ፣ በወቅቱ ማድረስ ሁለተኛ፣ ያለፈ የሥራ ታሪክ ሦስተኛ ወጡ። ዋጋ ስድስተኛ ነበር። ጥናቱ ስለ ግንባታ ብቻ አልነበረም፣ ዘመኑም ርቋል፤ ሆኖም ዋጋን ስድሳ በመቶ ለሚያደርግ ሰው ቆም ብሎ ማሰቢያ ይሆናል።

ሌላው ችግር ያለው ነጥብ መደመሩ ላይ ነው። ነጥብ ሲደመር አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሸፍናል። ባንተ ሠንጠረዥ አንድ የፌሮ ነጋዴ በዋጋ አንደኛ ስለወጣ 60 ከ60፣ በአቅርቦት 18፣ በጥራት ግን 5 ብቻ ቢያገኝ ድምሩ 83 ነው። ሌላው በጥራት 19፣ በአቅርቦት 17 አግኝቶ፣ በዋጋ ሁለተኛ በመሆኑ ብቻ 45 ቢሰጠው 81 ይዞ ይወድቃል። ቀጭኑ ፌሮ አሸነፈ ማለት ነው። ወረቀቱ ላይ ሁሉም ነገር በደንብ የተሠራ ይመስላል፤ ፊርማም ማኅተምም አለበት።

ስለዚህ መስፈርቶችህን ለሁለት ክፈላቸው። የመጀመሪያዎቹ በር ላይ የሚቆሙ ናቸው፤ ነጥብ አይሰጥባቸውም፤ አቅራቢው ወይ ያልፋል ወይ ይቀራል። በዘርፉ የታደሰ ንግድ ፈቃድ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ የተጨማሪ እሴት ታክስ ምዝገባና ትክክለኛ ደረሰኝ እዚህ ውስጥ ይገባሉ። የሕንፃው አካል ለሚሆን ዕቃ ደግሞ የላቦራቶሪ ውጤት ጨምርበት። ከሁሉም በላይ አንድ ስምምነት በጽሑፍ ይኑርህ፦ ዕቃው ሳይት ላይ ተለክቶና ተፈትሾ ያልሆነው እንደሚመለስ፣ የመመለሻው ትራንስፖርትም በአቅራቢው እንደሚሸፈን። ይህን መስመር ሲያይ ፊቱ የሚለዋወጥ ነጋዴ አለ። ያ ነጋዴ ወደ ሠንጠረዡ ሳይገባ በሩ ላይ ተሰናበተ።

ስለ ደረሰኝ አንድ ነገር ልበል። አንዱ ፕሮፎርማ 15 በመቶውን ታክስ ጨምሮ፣ ሌላው ሳይጨምር ይመጣል፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሲወዳደሩ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ያለ ደረሰኝ የተገዛ ዕቃ በወቅቱ ርካሽ ይመስላል፤ የከፈልከውን ታክስ ማቀናነስ ሲያቅትህና ወጪው በሂሳብ ምርመራ ውድቅ ሲደረግ ግን ውድ ይሆናል። አሸዋ ላይ ደረሰኝ ማግኘት እንደሚያስቸግር አውቃለሁ። ቢሆንም ሂሳቡን ከሂሳብ ሠራተኛችሁ ጋር ተቀምጣችሁ አስሉት፤ ደረሰኝ የሚሰጠው ትንሽ ከፍ ብሎ እንኳ የሚያዋጣበት ጊዜ ብዙ ነው።

አሁን ወደ ዕቃዎቹ ልግባ። ፌሮ ላይ ቆየት እላለሁ፣ ምክንያቱም ስህተቱ የሚደበቀው እዚያ ነው።

የፌሮ ክብደት ከውፍረቱ ጋር የተሳሰረ ነው። ዲያሜትሩን በሚሊ ሜትር ወስደህ በራሱ አባዛውና ለ162 አካፍለው፤ የአንድ ሜትር ክብደት በኪሎ ይወጣልሃል። ባለ 12 ፌሮ 144 ለ162 ሲካፈል 0.889 ኪሎ ነው። ባለ 16 ደግሞ 1.58፣ ባለ 20 ደግሞ 2.47 ኪሎ ይመዝናል። እንግዲህ 12 ሜትር የሆነው አንድ ቤርጋ ባለ 12 ፌሮ 10.67 ኪሎ ገደማ መሆን አለበት። ከየእስሩ አንድ ቤርጋ ምዘዝ፣ በትክክል አንድ ሜትር ቁረጥ፣ በዲጂታል ሚዛን ላይ አስቀምጠው። 800 ግራም ካነበብክ ፌሮው አሥር በመቶ ጎድሎታል፤ «ባለ 12» ተብሎ የተሸጠልህ በእርግጥ 11.4 ሚሊ ሜትር ነው። ደረጃዎች ጥቂት በመቶ ልዩነት ይፈቅዳሉ። አሥር በመቶ ግን ከሚፈቀደው ውጪ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ነገር አለ። «እኔ በቤርጋ አልገዛም፣ በኪሎ ነው የምገዛው፣ ስለዚህ አልታለልም» ይላል። እውነት ነው፣ ገንዘቡ አልተበላም፤ የከፈለው ለተመዘነው ብረት ብቻ ነው። ሕንፃው ግን ተበልቷል። መሐንዲሱ ምሰሶው ውስጥ ስምንት ባለ 16 ፌሮ ብሎ ነው የነደፈው፣ ይህን ያህል ኪሎ ብረት አላለም። ሠራተኛው ስምንት ፌሮ ቆጥሮ ያስራል፤ የእያንዳንዱ ክብደት አሥር በመቶ ከጎደለ ምሰሶው አሥር በመቶ ብረት አጥቷል። ሂሳብ ሠራተኛው ደግሞ «ካሰብነው ያነሰ ወጪ ወጣ» ብሎ ይደሰታል። በኪሎ መግዛት ጉድለቱን ከሂሳብ መዝገብ ላይ አውርዶ ምሰሶው ውስጥ ይደብቀዋል። ስለዚህ የፌሮ አቅራቢን የመጀመሪያ መስፈርት በአንድ ሜትር የሚመዝነው ግራም አድርገው፤ የኪሎ ዋጋ ከዚያ ይከተላል።

የመሳብ ጥንካሬውን ግን በሚዛን አታውቀውም። ለዚያ ናሙና ቆርጠህ አምስት ኪሎ ወደሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የምህንድስና ላቦራቶሪ ወይም ወደ ተስማሚነት ምዘና ድርጅት ትልካለህ። አቅራቢው የፋብሪካ ሰርተፊኬት ካሳየህ፣ በሰርተፊኬቱ ላይ ያለው የምርት ቁጥር እስሩ ላይ ከተንጠለጠለው መለያ ጋር አንድ መሆኑን አይተህ አረጋግጥ። ፎቶ ኮፒ እየተባዛ ለሦስት ዓመት የሚዞር ሰርተፊኬት ገጥሞኛል። መለያው ተቀዶ የመጣ እስር ካለ አልቀበልም፣ ምክንያቱም ከየት እንደመጣ የሚናገርልኝ ሌላ ነገር የለም።

ወደ አሸዋ ልለፍ። አሸዋ የጎዳኝን ያህል የጎዳኝ ዕቃ የለም።

ከዓመታት በፊት በአንድ የመኖሪያ ሕንፃ ሥራ ላይ ነበርኩ። አሸዋ የሚያመጣልን ሰው ከሌሎቹ በጥቂት በመቶ የሚቀንስ፣ ሲደወልለት የማይጠፋ፣ ጨዋ ሰው ነበር። የምድር ቤቱን ምሰሶዎች ከሞላን በኋላ የ28 ቀኑ የኪዩብ (የኮንክሪት ናሙና ተጨፍልቆ ጥንካሬው የሚለካበት) ውጤት መጣ። ሲ-25 የተባለው፣ 25 ሜጋ ፓስካል ጥንካሬ ሊኖረው የሚገባ ኮንክሪት 17 ሆኖ ተገኘ። ወደ ኋላ ሄደን ስንመረምር ሲሚንቶው ደህና ነበር፣ ጠጠሩም ደህና ነበር። አሸዋው ጭቃ ነበረው። ጭቃ ውሃ ይጠጣል፤ ቡካታው ሲደርቅበት ሠራተኛው እንዲላላለት ውሃ ይጨምራል፤ የተጨመረው ውሃ ጥንካሬውን ይዞት ይሄዳል። 40 በ40 የነበሩትን ምሰሶዎች ዙሪያቸውን አሥር አሥር ሴንቲ ሜትር ኮንክሪትና ፌሮ አልብሰን 60 በ60 አደረግናቸው። በምሰሶዎቹ መካከል 5 ሜትር የነበረው የመኪና ማቆሚያ 4 ሜትር ከ80 ሆነ። ሁለት መኪና ጎን ለጎን እንዲቆምበት የተሠራ ቦታ ነው። አሁንም በዚያ ስሄድ አንዱ ሹፌር እስኪወርድ ሌላው ሲጠብቅ አያለሁ። የአሸዋው ሰው አላጭበረበረንም፤ ከየት እንደሚጫን እኛም አልጠየቅንም፣ አልፈተሽንምም። መስፈርታችን ዋጋና ስልክ ማንሳት ብቻ ነበር።

ፍተሻው ከሻይ ብርጭቆ ያለፈ ነገር አይፈልግም። ግልጽ ጠርሙስ ውሰድ፣ እስከ ግማሽ ድረስ አሸዋ ጨምር፣ ጥቂት ጨው የተሟሟበት ውሃ ሙላበት፣ በደንብ ናጠውና ሦስት ሰዓት ያህል ሳትነካው አስቀምጠው። አሸዋው ከታች ይረጋል፣ ጭቃው ከላዩ እንደ ቀለበት ይቀመጣል። ሁለቱን በማስመሪያ ለካ። አሸዋው 10 ሴንቲ ሜትር፣ ጭቃው 1 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 10 በመቶ ነው። በአገራችን የተለመደው ገደብ 6 በመቶ ነው፤ ከዚያ ካለፈ ወይ ይታጠባል ወይ ይመለሳል። አሸዋው ከላንጋኖ ይምጣ ከመቂ፣ የቦታ ስም ዋስትና አይሆንም፤ አንዱ የጉድጓድ ጫፍ ንጹሕ ሆኖ ሌላው አፈር ሊሆን ይችላል። በእያንዳንዱ መኪና ላይ ፈትሽ።

አሸዋ የሚመጣው ደግሞ በሌሊት ነው። በአዲስ አበባ ከባድ መኪኖች በቀን እንዳይንቀሳቀሱ የተገደቡባቸው ሰዓቶች ስላሉ፣ ሲኖትራኩ ሳይት በር ላይ የሚደርሰው ከምሽቱ 4 ሰዓት ወይም ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ይሆናል። የሚረከበው ማን ነው? ብዙ ጊዜ ጥበቃው ነው። እንቅልፍ ዓይኑ ላይ አለ፣ የእጅ ባትሪው ደክሟል፣ ሹፌሩ ቸኩሏል፤ ወረቀቱ ላይ «16 ሜትር ኪዩብ» ተብሎ ተጽፏል፤ ይፈርማል። መኪናው ላይ ወጥቶ የለካ የለም። አንድ ሌሊት ራሴ ሜትር ይዤ ወጣሁ። የሳጥኑ ርዝመት 5.60፣ ወርዱ 2.30፣ የአሸዋው ከፍታ በአማካይ 1.05 ሆነ። ሲባዛ 13.5 ሜትር ኪዩብ ነው። ሁለት ሜትር ተኩል ጎድሏል። ሹፌሩን ስጠይቀው «መንገድ ላይ ረግቶ ነው» አለኝ። ሊረጋ ይችላል፣ ጥቂት። ሁለት ሜትር ተኩል ግን አይረጋም።

ለስሌት ያህል አንዱ በመኪና 32 ሺህ ብር፣ ሌላው 34 ሺህ ብር ጠየቀ እንበል። የመጀመሪያው 13.5 ሜትር ኪዩብ ካመጣ አንዱ ሜትር ኪዩብ 2,370 ብር ይሆናል። ሁለተኛው 15.5 ካመጣ 2,194 ብር ነው። ፕሮፎርማው ላይ ርካሽ የነበረው ሳይት ላይ ውድ ሆነ። የአሸዋ ዋጋ ማለት ተለክቶ የተራገፈው ሜትር ኪዩብ ዋጋ ነው፤ የመኪና ዋጋ ብሎ ነገር ሠንጠረዥህ ላይ እንዳይገባ። እርጥብ አሸዋ ደግሞ ይነፋል፤ መጠነኛ እርጥበት ያለው አሸዋ ከደረቁ እስከ 20 እና 30 በመቶ የበለጠ ቦታ ሊይዝ ይችላል። ስለዚህ ስትለካ እርጥበቱንም መዝግብ። ክረምት ሲገባ ወንዞች ይሞላሉ፣ አሸዋ ይጠፋል፣ ዋጋው ይዘላል፤ በሰኔ መጀመሪያ ላይ ክምችት መያዝ የሚችል ቦታ ያለው አቅራቢ በሐምሌ ላይ ወርቅ ነው።

ሲሚንቶ ላይ ጥራቱን በአብዛኛው ፋብሪካው ይዞታል፤ አንተ የምትመርጠው የሚያደርስልህን ወኪል ነው። ከረጢቱ 50 ኪሎ መሙላቱን፣ የምርት ቀኑን፣ ውስጡ አለመጓጎሉን እይ። እርጥበት የነካው፣ ሦስት ወር የቆየ ሲሚንቶ ጥንካሬው እየወረደ ነው፤ እጅህን ከተህ ድንጋይ ከነካህ ለምሰሶ አትጠቀምበት። ኦፒሲ (ተራው ፖርትላንድ ሲሚንቶ) ታዝዞ ፒፒሲ (ፖዞላና የሚባል ማዕድን የተቀላቀለበት) መምጣቱንም ተከታተል። ፒፒሲ መጥፎ ሲሚንቶ አይደለም፤ ለግንብና ለልስን ጥሩ ነው፤ መጀመሪያ ላይ ግን ቀስ ብሎ ነው የሚጠነክረው። ፎርማኑ በኦፒሲ ቀን ቆጥሮ ፎርም ወርኩን፣ ማለትም ኮንክሪቱን ደግፎ የያዘውን ቅርጽ፣ ቢያነሳው አደጋ ነው። በ2013 እና በ2014 ሲሚንቶ የጠፋበትን ጊዜ ያየ ሰው የወኪል ትልቁ መስፈርት ምን እንደሆነ ያውቃል፦ እጥረት ሲመጣ የቆየ ደንበኛውን ያስቀድማል ወይስ ለበለጠ ከፋይ ያዞረዋል? ይህን ከፕሮፎርማ አታገኘውም። ከእሱ ጋር በዚያ ጊዜ የሠሩ ሁለት ተቋራጮችን ደውለህ ጠይቅ።

ብሎኬት አምራች ጋ ስትሄድ ብሎኬቱን ከማየትህ በፊት የውሃ ታንከሩን ፈልግ። ውሃ የሌለው አምራች ብሎኬቱን አያጠጣም። በደረቅ ፀሐይ የደረቀ ብሎኬት ከመኪና ሲወርድ ጥጉ ይረግፋል፤ ከመቶው ስንቱ እንደተሰበረ ቁጠርና ያንን መስፈርት አድርገው። የተዘጋጀ ኮንክሪት ከገዛህ ከማደባለቂያ ጣቢያው እስከ ሳይትህ ያለውን ጊዜ በሥራ ሰዓት ራስህ ነድተህ ለካ። ኮንክሪት ከተደባለቀ በኋላ አንድ ሰዓት ተኩል የሚባለውን ልማዳዊ ገደብ መንገድ ላይ ከጨረሰ፣ የጣቢያው ጥራት ለአንተ ምንም አይጠቅምህም። ሹፌሩ ውሃ እንዳይጨምር የሚከለክል ስምምነትም ያስፈልጋል።

ሴራሚክ፣ የመጸዳጃ ቤት ዕቃ፣ ቀለም፣ በርና መቆለፊያ ላይ ስትደርስ ዋጋ ወደ ፊት ይምጣ። መርካቶና ተክለ ሃይማኖት ዞረህ አወዳድር፣ ተከራከር። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቅ፦ ሴራሚኩ ሁሉ ከአንድ የምርት ቁጥር መሆኑንና ለጥገና የሚሆን ትርፍ መኖሩን። አንድ ክፍል ሊያልቅ ሲል ሌላ የምርት ቁጥር ከመጣ ወለሉ ላይ ሁለት ቀለም ይታያል።

ስለ አቅርቦት ጊዜ 20 ነጥብ ሰጥተሃል፤ እስቲ በብር እንየው። ሶሌታ (የፎቁ የኮንክሪት ወለል) በሚሞላበት ቀን 40 ሠራተኛ ቆሟል እንበል፤ ለስሌት ያህል የአንዱን የቀን ሂሳብ 600 ብር ብንይዘው 24 ሺህ ብር ነው፤ የማደባለቂያውና የንዝረት ማሽኑ ኪራይ ሳይጨመር። አሸዋው ላይ በመኪና 2 ሺህ ብር የቀነሰልህ ሰው አንድ ቀን ሙሉ ካዘገየህ የአሥራ ሁለት መኪና ቅናሽ በአንድ ቀን ጠፋ። ሶሌታው ተጀምሮ መሐል ላይ ከቆመ ደግሞ አሮጌውና አዲሱ ኮንክሪት በማይያያዝበት መስመር ውሃ ሲያስገባ ይኖራል። ስለዚህ «በስንት ቀን ታደርሳለህ?» ብለህ ከመጠየቅ «ባለፉት አሥር ትዕዛዞች ስንቱን በተባለው ቀን አደረስክ?» የሚለውን ከራስህ መዝገብ መልስ። መዝገብ ከሌለህ ዛሬ ጀምር፤ የታዘዘበት ቀን፣ የደረሰበት ቀን፣ የተለካው መጠን፣ የተመለሰው መጠን። አራት ዓምድ ይበቃል።

የክፍያ ሁኔታ ሌላው የተረሳ መስፈርት ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ሆነ። በዚያ ሰሞን ቅድሚያ ከፍለው ዕቃ ያልተረከቡ ተቋራጮች ብዙ ተጉላልተዋል፤ «ዋጋ ጨምሯል፣ ልዩነቱን አምጣ» ተባሉ። እንደ ኬብልና ሊፍት ባለ ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ ዋጋው ለስንት ቀን እንደሚጸና፣ ቅድሚያ የተከፈለበት መጠን ዋጋው የተቆረጠ መሆኑን በውል አስፍር። ከፍ ያለ ቅድሚያ ክፍያ ያለ ባንክ ዋስትና አትልቀቅ። ከማስረከብ በኋላ የሚከፈለውን የሚቀበል አቅራቢ ሁለት በመቶ ቢወደድ እንኳ እኔ እሱን እመርጣለሁ፤ ገንዘቡ እጄ ላይ ሳለ ቅሬታዬ ይሰማል።

አሁን ወደ ሁለተኛዎቹ መስፈርቶች፣ ነጥብ ወደሚሰጥባቸው፣ ልመለስ። በሩን ላለፉት ብቻ፣ የሕንፃው አካል ለሚሆኑ ዕቃዎች እኔ የምጠቀምበት ይህ ነው፦ የጥራት ወጥነትና ያለፈ ታሪክ 40፣ በወቅቱ ማድረስ 25፣ ዋጋ 20፣ የክፍያ ሁኔታና ቅሬታ አፈታት 15። ለማጠናቀቂያ ዕቃዎች ዋጋን ወደ 45 አውጥቼ የጥራት ወጥነቱን 25፣ ማድረሱን 15፣ ክፍያና ቅሬታውን 15 አደርጋለሁ። ይህን እንዳለ አትገልብጠው። የሳይት መሐንዲሱን፣ ፎርማኑን፣ የንብረት ክፍሉንና ሂሳብ ሠራተኛውን አንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጥና መስፈርቶቹን ጥንድ ጥንድ እያደረግህ ጠይቃቸው፦ ለፌሮ በወቅቱ መድረስ ይበልጣል ወይስ ዋጋ? በምን ያህል? አራት መስፈርት ስድስት ጥያቄ ነው። ፎርማኑና ሂሳብ ሠራተኛው የማይስማሙበት ቦታ ላይ ቆዩ፤ ከቁጥሩ የሚበልጠው ጥቅም እዚያ ክርክር ውስጥ ነው።

ለዋጋ ነጥብ ስትሰጥ «አንደኛ 60፣ ሁለተኛ 45» የሚለውን ተወው። ዝቅተኛውን ዋጋ ለሌላው ዋጋ አካፍለህ በነጥቡ አባዛው። መቶ ብርና መቶ አምስት ብር ቢመጡ አንዱ 20፣ ሌላው 19 ያገኛል። አምስት በመቶ ልዩነት አምስት በመቶ ያህል ብቻ ይመዝናል።

ሦስት ፕሮፎርማ መሰብሰባችሁን አልቃወምም። ነገር ግን ሦስቱ ወረቀቶች ከሦስት የተለያዩ ሰዎች መምጣታቸውን አረጋግጥ። ሦስት ማኅተም ያለው አንድ ደላላ አለ፤ ሁለቱን ከፍ፣ አንዱን ዝቅ አድርጎ ይሞላልሃል። መደብሩን ወይም መጋዘኑን ሄደህ ሳታይ ማንንም አታወዳድር። ይህን የምለው አንተን ጠርጥሬ አይደለም፤ ግዥ ላይ የተቀመጠ ሰው ኮሚሽን የሚያቀርብለት አይጠፋምና ራስህንም የሚጠብቅህ ሥርዓት ስለሚያስፈልግ ነው። የመረጠ ሰው ብቻውን አይረከብ፣ የተረከበ ብቻውን አይክፈል። አሸዋ በሌሊት ሲመጣ ከጥበቃው ጋር የንብረት ክፍሉ ሰው ይኑር።

ነባር አቅራቢዎቻችሁን በተመለከተ፦ አዎ፣ መዝናቸው፤ ነገር ግን አስቀድመህ ንገራቸው። መስፈርቱን በወረቀት አሳያቸው፣ ከሚቀጥለው ትዕዛዝ ጀምሮ ፌሮው እንደሚመዘን፣ አሸዋው በጠርሙስ እንደሚታይ፣ መኪናው በሜትር እንደሚለካ አስታውቃቸው። ሁለት ወር ስጣቸው። አብረውህ የቆዩ ነጋዴዎች ሲለካባቸው ይለካሉ፤ ብዙዎቹ የጎደለ ያመጡት የሚለካ ስለሌለ ነበር። ያልሆነውን መኪና ስትመልስ አቅራቢው ምን እንደሚያደርግ ተመልከት። ይጮሃል? ስልኩን ያጠፋል? ወይስ በማግስቱ ሌላ ጭኖ ይመጣል? በማግስቱ የመጣውን ስም መዝገብህ ላይ በቀይ አስምርበት፤ ለሚቀጥለው ሕንፃም መጀመሪያ የምትደውለው ለእሱ ነው። እስከዚያው በዚህ ሳምንት 10 ሜትር የሚለካ ሜትር፣ 5 ኪሎ የሚመዝን ዲጂታል ሚዛንና ሁለት ግልጽ ጠርሙስ አስገዛና ለንብረት ክፍሉ አስረክብ።